የዘፋኝ ድምፅ የማን ነው? የሳም ኩክ ታሪክ

በዚህ ሳምንት ከራዲዮ ወደዚህ ዓምድ የተላለፈው ንግግር ስለ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ የሚናገር ነው። «የዘፋኝ ታሪክ ለቁም ነገር ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጥቂት ቢታገሠኝ፣ ሳም ኩክ የተባለው ይህ ሰው በድምፁ ማማር ብቻ የሚታወስ አለመሆኑን ይረዳልኛል። ዘፋኝ የዘፈነው ዘፈን ንብረትነቱ የማን ነው? የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ መልሱን በአቤቱታና በለቅሶ ሳይሆን በውል፣ በመዝገብና በፊርማ የፈለገ ሰው ነው። ወረቀት የሰውን ዕድል ሲያቀናና ሲያጣምም በየቀኑ የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ታሪክ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ያስተውለዋል ብዬ አምናለሁ። በንግግሩ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሙዚቃው ዓይነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ሶል» የሚባለው ሙዚቃ ስሙ በእንግሊዝኛ ነፍስ ማለት ሲሆን፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ያደገ ነው። ምንጩ የጸሎት ቤት ነው። መሪው ሲያወርድ ተቀባዮቹ የሚመልሱበትን ሥርዓት፣ ጭብጨባውን፣ ሰባኪው ስሜቱ ሲግል ከንግግር ወደ ዜማ የሚሻገርበትን ልማድ ሁሉ ከዚያ ወስዶ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ኑሮ ለሚናገር ግጥም አዋለው። በአማርኛችን «መዝሙር» እና «ዘፈን» የተባሉ ሁለት ቃላት አሉን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ምን ያህል የጸና እንደ ሆነም አንባቢ ያውቃል። በጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን ዘንድም ያ ወሰን የላላ አልነበረም። ሬይ ቻርልስ የመዝሙሩን አካሄድ ለዘፈን በማዋል ሳም ኩክን እንደ ቀደመው እርግጥ ነው፤ ዳሩ ግን ሬይ ቻርልስ በዘማሪነት የታወቀ ሰው አልነበረም። ሳም ኩክ የመዝሙሩ ዓለም ስመ ጥር ልጅ ሆኖ ሳለ ነው የተሻገረው።

የተወለደው ጃንዋሪ 22 ቀን 1931 በሚሲሲፒ ግዛት ክላርክስዴል በተባለች ከተማ ነው። አባቱ ቻርልስ ኩክ ሰባኪ ነበሩ። በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ጥቁሮች የደቡቡን የጥጥ አገር እየለቀቁ ሥራና ከለላ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይሰደዱ ስለ ነበር፣ የኩክም ቤተ ሰብ በ1933 ወደ ቺካጎ ሄደ። ልጁ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በአባቱ ጸሎት ቤት እየዘመረ አደገ፤ በወጣትነቱም ከሰፈር ልጆች ጋር በመዘምራን ጓድ ውስጥ ገብቶ ድምፁን አሠለጠነ።

በ1950፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ «ሶል ስቲረርስ» ወደ ተባለው ዝነኛ ጓድ ተጠራ። ትርጓሜውም «ነፍስን የሚቀሰቅሱ» እንደ ማለት ነው። የተጠራበት ቦታ የዋዛ አልነበረም፤ አር ኤች ሃሪስ የተባለው መሪ ዘማሪ በመልቀቁ በእርሱ እግር እንዲተካ ነበር። ሃሪስ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት ድምፀ መልካም ነው። ወጣቱ በመጀመሪያ እርሱን ለመምሰል ደከመ፤ ድምፁ ግን ሃሪስ ከሚወጣበት ከፍታ አልደርስለት አለ። ከጓዱ አባላት አንዱ የነበረው ሮይ ክሬን በኋላ እንደ ተናገረው፣ አንድ ቀን በዝማሬ መካከል ከላይኛው ቃና መድረስ ቢያቅተው፣ ሳም ከሥሩ ገብቶ ድምፁን እንደ ውሃ እያወዛወዘ አሳለፈው። ከጉድለት የተወለደው ይህ ማወዛወዝ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሚታወቅበት ምልክት ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ዘፋኞችም ወረሱት።

ከጓዱ ጋር ስድስት ዓመት ያህል በአውቶሞቢል አገር ላገር ዞረ። ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት የጌታን ልብስ ጫፍ ስለ መንካቷ በወንጌል የተጻፈውን ታሪክ በ1956 ራሱ መዝሙር አድርጎ ደረሰው፤ ድርሰቱም እስከ ዛሬ ከዚህ ዓይነት መዝሙር ምርጦች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። መልኩም ቀና ስለ ነበረ፣ ቀድሞ አረጋውያን ብቻ ይሞሏቸው በነበሩት የፊት ወንበሮች ላይ ወጣቶች ይቀመጡ ጀመር። በዘፈኑ መንገድ የሚጠብቀውን ገንዘብና ዝና የሚያሳዩት ሰዎችም አልታጡም።

ሽግግሩን የጀመረው በፍርሃት ነው። «ላቨብል» የተባለውን የመጀመሪያ ዘፈኑን በ1956 መጨረሻ አስቀርጾ በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ ሲያወጣው፣ በሸክላው ላይ የታተመው ስም «ዴል ኩክ» የሚል ነበር። ዜማው ከጓዱ መዝሙር የተወሰደ፣ ቃሉ ብቻ ከአምላክ ወደ ፍቅረኛ የተዛወረ ነው። ስሙን ቢሸሽግ ድምፁን መሸሸግ አልቻለምና ማንም አልተታለለም። ከምእመናን ብዙዎች አዘኑበት። ሳም በኋላ እንደ ተናገረው ግን አባቱ አልተቈጡትም፤ ድምፁን የሰጠው አምላክ እንደ ሆነና ስጦታው ሰውን ደስ ለማሰኘት ቢውል ነውር እንደሌለበት ነገሩት። በ1957 ከጓዱ ተለየ፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፈው የቤተ ሰቡ ስም መጨረሻም አንድ ፊደል ጨመረበት። ለዓይን እንጂ ለጆሮ የማይታወቅ ለውጥ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ነገር እንመጣለን። ሶል ስቲረርስን ያስቀርጽ የነበረው «ስፔሻልቲ» የተባለው የሎስ አንጀለስ ሸክላ ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱም አርት ሩፕ ይባል ነበር። በ1957 ሳም ኩክ ዘፈን ሲያስቀርጽ ሥራውን የሚመራው በምፕስ ብላክዌል ነጮች ተቀባዮችን አቁሞ፣ ለስለስ ያለ አጃቢ ድምፅ አዘጋጀ። ሩፕ ድንገት ገብቶ ይህን ባየ ጊዜ ተቈጣ፤ ሸክላዎቹን የሚገዛው ጥቁር ሕዝብ ኃይለኛ ሙዚቃ እንጂ እንዲህ ያለ ልስልስ ነገር አይፈልግም ባይ ነበር። በክርክሩ መጨረሻ ብላክዌል ከኩባንያው የሚገባውን ገንዘብ ትቶ፣ በምትኩ የተቀረጸውን ዘፈንና ዘፋኙን ይዞ ወጣ። «ኪን» በተባለ አዲስ ኩባንያ በኩል የወጣው ያ ዘፈን «ዩ ሴንድ ሚ» ነው። ከሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠ፤ ዓመቱ ሳያልቅም በነጮቹም ሆነ በጥቁሮቹ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ኖቬምበር 3 ቀን 1957 በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ገና መዝፈን እንደ ጀመረ ሰዓቱ አልቆ ሥርጭቱ ቢቋረጥበት፣ ተመልካቹ ስላጉረመረመ በሚከተለው ወር ተመልሶ እንዲዘፍን ተደረገ።

በዚህ ሸክላ ላይ ግን ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። የዘፈኑ ደራሲ ሆኖ የተጻፈው ሳም ሳይሆን ኤል ሲ የተባለው ወንድሙ ነው። ምክንያቱ ስሕተት አይደለም፤ ሳም ድርሰቱ ሁሉ በሩፕ አሳታሚ ድርጅት በኩል እንዲያልፍ የሚያስገድድ ውል ስለ ነበረበት፣ ገንዘቡ ወደ ሩፕ እንዳይሄድ የተደረገ ዘዴ ነበር።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ፣ አንድ ሸክላ ሲሸጥ ገንዘቡ በሁለት ቦይ ይፈስሳል። አንደኛው ስለ ቀረጻው ለዘፋኙና ለሸክላው ኩባንያ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ስለ ድርሰቱ ለደራሲውና መብቱን ለያዘው አሳታሚ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ቦይ ቀጭን ይምሰል እንጂ አይደርቅም፤ ዘፈኑን ሌላ ሰው ቢዘፍነውም፣ ፊልም ቢጠቀምበትም፣ ዘፋኙ ቢሞትም መፍሰሱን አያቋርጥም። በዚያ ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ ጥቁር ዘፋኞች ይህን ሁለተኛውን ቦይ ወይ አያውቁትም ነበር፣ ወይም በጥቂት ጥሬ ገንዘብና አንዳንዴም በአንድ አውቶሞቢል ይለውጡት ነበር።

ሳም ኩክን ወደዚህ ዕውቀት የመራው ጄ ደብልዩ አሌክሳንደር የሚባል፣ እርሱም ከመዘምራን ወገን የሆነ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ወዳጁ ነው። አሌክሳንደር «ካግስ» የተባለ አነስተኛ የዘፈን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ ነበርና ሳምን ባለ ድርሻ አደረገው። ቀጥሎም በ1959 ሁለቱ ከሮይ ክሬን ጋር የራሳቸውን የሸክላ ኩባንያ መሠረቱ። ስሙን ከሦስቱ ስሞች መነሻ ፊደላት አውጥተው «ሳር» አሉት፤ በእኛ ጆሮ የሜዳ ሣር ቢመስልም ትርጓሜው ሳም፣ አሌክስና ሮይ ነው። ጥቁሮች ያቋቋሙት የሸክላ ኩባንያ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ነገር ግን በዝናው ጫፍ ላይ ያለ ዘፋኝ ከትርፍ ጊዜው ቀንሶ ለሌሎች ዘፈን የሚደርስበት፣ የሚያስቀርጽበትና ውል የሚዋዋልበት ኩባንያ ማቋቋሙ ያልተለመደ ነበር። በመጀመሪያ ካስቀረጻቸው መካከል የቀድሞ ጓዶቹ ሶል ስቲረርስ መሆናቸው፣ ሳም ወሰኑን ቢሻገርም ድልድዩን አለማፍረሱን ያሳያል።

ከክሊቭላንድ ከተማ የመጡ ዎማክ የተባሉ አምስት ወንድማማቾችም በዚሁ ቤት ተቀረጹ። በመዝሙር ጀምረው አልሸጥ ቢላቸው፣ እንደ ራሱ እንዲሻገሩ ሳም መከራቸው፤ ስማቸውንም «ቫለንቲኖስ» አሰኛቸው። በ1964 «ኢትስ ኦል ኦቨር ናው» የተባለ ዘፈናቸው ገና መሰማት ሲጀምር፣ ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዛውያን ወስደው ዘፈኑትና በአገራቸው የመጀመሪያ አንደኛቸው ሆነ። ደራሲው ቦቢ ዎማክ ዘፈኔን ተቀማሁ ብሎ እጅግ ተናደደ። ሳም ግን ጊዜው ሲደርስ እንደሚያመሰግነው ነገረው። ዎማክ ራሱ ሲያወራ እንደ ኖረው፣ የድርሰቱ ክፍያ ደርሶት ቼኩን ባየ ጊዜ ቍጣው በረደ። ብዙ ሰዎች ሳም ኩክን በፍቅር ዘፈኖቹ ያደንቁታል። እኔ ግን ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ሁለተኛው ቦይ የት እንዳለ ማሳየቱን ከብዙዎቹ ዘፈኖቹ አስበልጣለሁ።

የራሱን ዘፈኖች በ1960 ከተዋዋለው ከአር ሲ ኤ ኩባንያ ጋር ያስቀርጽ ነበር። በጉዞ ላይ ያገኛቸውን፣ በሰንሰለት ታስረው መንገድ የሚሠሩ እስረኞች አስቦ የደረሰው «ቼን ጋንግ» በዚያው ዓመት ሁለተኛነት አገኘ። ከዚያ በኋላም ብዙ ተወዳጅ ዘፈኖች ተከታተሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የቫዮሊን ብዛት ያጣፈጣቸው ሳይሆን ያሰለቻቸው ናቸው። ጥቁሮች በሞሉበት አዳራሽ ሲዘፍን የነበረውን ኃይል መስማት የሚፈልግ ሰው፣ በጃንዋሪ 1963 በማያሚ ሃርለም ስኩዌር በተባለ የምሽት ክበብ የተቀረጸውን ቢያዳምጥ ይሻለዋል፤ በዚያ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሕዝቡም ከእርሱ እኩል ይዘፍናል። ኩባንያው ይህን ለነጩ ገበያ አይስማማም ብሎ በመጋዘን አስቀምጦት እስከ 1985 ድረስ አላወጣውም።

በ1963 አለን ክላይን የሚባል፣ የሸክላ ኩባንያዎችን ሒሳብ በመመርመር የታወቀ ሰው የሳም ኩክን ጉዳይ ያዘ። የአር ሲ ኤን መዝገብ አስመርምሮ ለዘፋኙ ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ አስገኘ፤ አዲስ ውልም አስፈረመ። በዚህ ውል መሠረት «ትሬሲ» የሚባል፣ በሳም ሴት ልጅ ስም የተጠራ ኩባንያ ቀረጻዎቹን ይዞ፣ አር ሲ ኤ አሠራጭ ብቻ ይሆናል። በዘመኑ ይህን ያህል ነጻነት ያገኘ ጥቁር ዘፋኝ መጥቀስ ያስቸግራል። ስለዚህ ኩባንያ በኋላ እመለስበታለሁ።

በወረቀት ላይ እንዲህ የተከበረው ሰው በመንገድ ላይ ምን ይገጥመው ነበር? በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በአንድ አዳራሽ ተለያይተው እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። በ1961 በሜምፊስ ከተማ እርሱና ክላይድ መክፋተር ለእንዲህ ያለ ጉባኤ አንዘፍንም ብለው ቀሩ። ኦክቶበር 8 ቀን 1963 ደግሞ ከባለቤቱና ከባልደረቦቹ ጋር በሉዊዚያና ግዛት ሽሪቭፖርት ከተማ ደረሰ። ክፍል አስቀድሞ በስልክ ይዞ ነበር፤ የሆቴሉ ጸሐፊ ግን መልኩን ካየ በኋላ ክፍል የለም አለው። ሳም የሥራ አስኪያጁን መምጣት ጠየቀ፤ ጮኸ፤ የአውቶሞቢሉንም ጡሩምባ አስጮኸ። ይገድሉሃል እያሉ በግድ ወሰዱት። ወደ ሌላ፣ የጥቁሮች ወደ ሆነ ማደሪያ እንደ ደረሱ ፖሊሶች ጠብቀው፣ ጸጥታ አደፈረሳችሁ ብለው ያዟቸው። ወሬው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት በበጋ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ልጁ በቤታቸው መዋኛ ሰጥሞ ሞቶበት ስለ ነበር፣ በሽሪቭፖርት የታሰረው ሰው ኀዘንተኛ አባትም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን «ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ» የተባለውን የቦብ ዲላንን ዘፈን ሰምቶ ነበር። ስለ ጥቁሮች መከራ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያነሣው ወጣት ነጭ መሆኑ፣ እርሱ ግን ዝም ማለቱ አሳፈረው። በ1963 መጨረሻ አንድ ዘፈን ደርሶ ለአሌክሳንደር አሰማው፤ ግጥሙ እንደ ሕልም ሆኖ በአንድ ጊዜ እንደ መጣለትም ነገረው። ዘፈኑ «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም» ነው፤ ለውጥ መምጣቱ አይቀርም ማለት ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1964 በሆሊዉድ ሲቀረጽ፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው ሬኔ ሆል ለፊልም እንደሚደረገው አድርጎ በቫዮሊን፣ በቀንደ መለከትና በከበሮ አጀበው። በዚህኛው ቫዮሊኑ አልበዛም። የሰባኪው ልጅ በዚህ ዘፈን ውስጥ ወደ አባቱ ጸሎት ቤት ተመለሰ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ማጉረምረሙም ተስፋውም የመዝሙር ነው።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ዘፈነው። የዚያ ሌሊት ፊልም አልተረፈም። ከሁለት ቀን በኋላ ቢትልስ በኤድ ሰሊቫን ዝግጅት ቀርበው አሜሪካን ስላናወጡ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ጠፋ። ሳም ዘፈኑን ዳግመኛ በሕዝብ ፊት አልዘፈነውም ይባላል። ዎማክ እንደሚተርከው፣ ዘፈኑን ሲያሰማው ሞት ሞት ይላል ብሎት፣ ሳምም ይህንኑ ስለ ተሰማው ልዘፍነው አልወድም ብሎ መልሶለታል።

ዲሴምበር 11 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ በአንድ ርካሽ ሞቴል ውስጥ፣ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሆነች ሴት በሽጉጥ ተኩሳ ገደለችው። ራሴን ለመከላከል ነው አለች፤ የአሟሟቱን ነገር የመረመረው ሸንጎም ቃሏን ተቀብሎ ግድያው በሕግ የሚያስጠይቅ አይደለም ብሎ ፈረደ። ቤተ ሰቡና ብዙ ወዳጆቹ ይህን ፍርድ አላመኑበትም። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። በቺካጎ በብርድ የቆመው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ በሎስ አንጀለሱ ሥርዐተ ቀብር ላይ ሬይ ቻርልስ ዘመረለት።

ከ11 ቀን በኋላ ዘፈኑ በሸክላ ወጣ፤ ያውም «ሼክ» ከተባለ የጭፈራ ዘፈን ጀርባ። ለራዲዮ እንዲያጥር ተብሎም አንድ አንቀጽ ተቈርጦ ነበር። የተቈረጠውም ጥቁር ሰው ወደ መኻል ከተማ ሲወጣ የሚደርስበትን የሚናገረው ነው። እንዲህ ተቈራርጦም ቢሆን፣ ለእኩልነት የሚታገለው ሕዝብ የራሱ አደረገው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965፣ አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ዘፈኑት። የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ቤተ መጻሕፍት በ2007 ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቀረጻዎች መዝገብ አስገባው። በ2019 የሽሪቭፖርት ከንቲባ ስለ 1963ቱ እስራት ቤተ ሰቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

እመለስበታለሁ ወዳልኋችሁ ኩባንያ ልመለስ። ሳም ኩክ ከሞተ በኋላ ወረቀቱ ሲገለጥ፣ በልጁ ስም የተጠራው ትሬሲ በሕግ የአለን ክላይን ንብረት ሆኖ ተገኘ። የሳም ድርሻ ገንዘብ የሚያስገኝ አክሲዮን እንጂ የሚያዝበት አልነበረም። ሳር ባለቤቱን አጥቶ ተዘጋ። በካግስ ውስጥ የነበረውን የሟቹን ድርሻ ሚስቱ ሸጠችው፤ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ቈይቶ ከአሌክሳንደር ድርሻ ጋር በክላይን ዘንድ ተሰበሰበ። ክላይን በ2009 ሲሞት፣ በ1964 የተቀረጸው ያ ዘፈን፣ ድርሰቱም ቀረጻውም፣ «አብኮ» በተባለው ኩባንያው መዝገብ ውስጥ ነበር።